ከሞት በኋላ የደረሰ ዘፈን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ዘፈን ልጻፍላችሁ። «ሲቲን ኦን ዘ ዶክ ኦፍ ዘ ቤይ» ይባላል። ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግ ነው፤ የጆርጂያ ልጅ፣ የሶል ሙዚቃ ሰው፣ በ1967 በሞንቴሬይ ፌስቲቫል የሮክ አድማጩን ጭምር የማረከ።

ዘፈኑን የጀመረው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳውሳሊቶ፣ ውሃ ላይ ባለ የጀልባ ቤት ነው። ከጊታሪስቱ ስቲቭ ክሮፐር ጋር ጨርሶት ሜምፊስ ላይ ቀረጸው። ብዙም ሳይቆይ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1967፣ የተሳፈረባት ትንሽ አውሮፕላን ዊስኮንሲን ውስጥ ሞኖና ሐይቅ ላይ ወደቀች። ዕድሜው ገና 26 ነበር። ክሮፐር ሐዘኑ ሳይወጣለት ስቱዲዮ ገብቶ የማዕበልና የባሕር ወፍ ድምፅ ጨመረበት። ዘፈኑ ጃንዋሪ 1968 ወጣ፤ በማርች በአሜሪካ ቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ዘፋኙ ከሞተ በኋላ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ዘፈን ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አገሩን ትቶ የመጣ ሰው ወደብ ዳር ተቀምጦ መርከብ ሲገባና ሲወጣ ያያል። በቃ።

የሴኮንደሪ ተማሪዎቼን ዘፈኑን አሰማኋቸው። አንዱ «ለምን ተነስቶ ሥራ አይፈልግም?» አለ። ከኋላ የተቀመጠች የስደተኛ ልጅ ቀስ ብላ መለሰችለት፦ «እየጠበቀ ነዋ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ዘፍነውታል። ፔጊ ሊ በ1969፣ ሮከሩ ሳሚ ሄገር በ1979፣ በ80ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ማይክል ቦልተን። ቦልተን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይማጸንበታል፤ ያምራል። ኦቲስ ግን አይጮኽም። መጮኹ እንደማይጠቅም የገባው ሰው ይመስላል። መጨረሻ ላይ ያፏጫል፣ እያፏጨም ይርቃል።

እዚህ ካምፓላ «ጋሼ» የምንላቸው አባት ነበሩ። የሪሴትልመንት ፕሮሰስ 11 ዓመት ጠበቁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር፣ ጥሪው እንዳያመልጣቸው። ለኢንተርቪው የተደወለው ከቀበርናቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ናት። ደዋይዋ «መቼ ይመቻቸዋል?» ብላ ጠየቀቻት።

ሰው ካልሄደ ወይም ካልሞተ አይመሰገንም እንላለን። ለዘፈን ይሁን፤ ዘግይቶም ይደርሳል፣ ባለቤቱ ባይኖር ሌላው ተቀብሎ ይዘፍነዋል። የጋሼን ኢንተርቪው ግን ማን ይቀመጥላቸዋል?

ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ስደተኛ ስታዩ «ሥራ ፈት» አትበሉ። በየሰፈራችሁ ፋይላቸው ዝም የተባለ ሽማግሌዎችና እናቶች አሉ። ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። የት እንደደረሰ፣ ስንት ዓመት እንደሆነው ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን። በሕይወት እያሉ ይሰሙ። ሳይቃጠል በቅጠል።

ኢንቦክሴ ክፍት ነው።