የአያቴ እንዶድ

ገርጂ ያለው የአያቴ ግቢ በሦስት ወገን በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በአራተኛው በኩል ያለው አጥር እንዶድ ነው። እርስ በርሱ ተጠላልፎ የጎረቤትን ዓይን ይከልላል። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ አያቴ ግን እስኪቀላ አይጠብቁም። ገና አረንጓዴ ሳለ ይሸመጥጡትና በሰፌድ አስጥተው ያደርቁታል፣ ከዚያም ይወቅጡታል። ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ውስጥ እየገባ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። ውኃ ውስጥ ሲመታ የሚነሣውን አረፋ ግን ማየት ነው!

ይህን እንዲህ በኩራት ስጽፍ ዝም ብላችሁ አትመኑኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ጓደኞቼ ለጥናት ቤት መጡ፤ ያን ቀን ጋቢ ይታጠብ ነበር። አንደኛዋ እያነጠሰች «ምንድን ነው እሱ?» ስትለኝ «እኔ እንጃ፣ ከጎረቤት ነው» አልኳት። አያቴ እጃቸው እስከ ክንዳቸው አረፋ ለብሶ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ሰምተዋል። ምንም አላሉም፤ እጃቸውን ታጥበው ሻይ አፈሉልን።

ዘንድሮ አጎቴ ግቢው ውስጥ ለኪራይ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች ሊሠራ ተነሣ። ቦታው ደግሞ ሌላ የለም፤ እንዶዱ መነቀል አለበት። አያቴ «እኔ ስሞት ንቀሉት» አሉ። አጎቴ ወደኔ ዞሮ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ አስረጃቸው» አለኝ። እኔም ላስረዳ ብዬ ነው ስለ እንዶድ ማንበብ የጀመርኩት። ለካ ቤተ መጻሕፍት የገባሁት ለአጎቴ ጠበቃ ልሆን ኖሯል።

ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ብልሃርዝያን ለማጥናት ዓድዋ ወረዱ። ብልሃርዝያ ያለ ቀንድ አውጣ አይኖርም፤ ትሉ ከሰው ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ቀንድ አውጣው ሆድ ውስጥ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ ውኃ የገባን ሰው ቆዳ ይበሳል። ዶክተሩ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ ይንሳፈፋል፤ ከፍ ብሎ ያለው በሕይወት አለ። ስንት ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፎ ይሆን? እሳቸው ግን ቆሙ። በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ለቅመው፣ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ከአረፋሽ ጨምሪልኝ አሏት። ጨመረችላቸው። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ከኬሚስትሪ ጋር ከተለያየን ቆይተናል። ቢሆንም የገባኝን ልበል። የእንዶድ ኃይል ሳፖኒን ከሚባሉ ውሕዶች ነው፤ አረፋ የሚያስነሣውም፣ የቀንድ አውጣውን ሕዋስ ሽፋን የሚያፈርሰውም ያው ነው። ደግነቱ ውኃ ውስጥ በጥቂት ቀን ፈርሶ ይጠፋል። (ሳፖኒን በሻይ ተክል ዘር ውስጥም ስላለ፣ እስያ ውስጥ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን አተላ የሩዝ ማሳ ቀንድ አውጣ ይገድሉበታል።) በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የእንዶዱን ውሕድ ነጥለው ሲያወጡ በዶክተሩ አባት ስም «ለማቶክሲን» አሉት።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲያችን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት ያህል ወንዙን በእንዶድ እያከሙ ሲከታተሉ፣ በበሽታው የተያዙት ትንንሽ ሕፃናት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረዱ። የሰብል ተመራማሪው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ብዙ የእንዶድ ዓይነት አወዳድረው ቁጥር 44 የተባለውን መረጡ። ከዚህ በኋላ ምን ቀረ ትሉኛላችሁ? እምነት ቀረ። ከፋብሪካ የሚወጣው የቀንድ አውጣ መርዝ ለድሃ አገር ውድ ነው፤ እንዶድ አጥር ላይ ይበቅላል፤ ሆኖም እዚህ የተደረገው ምርመራ የዓለም አቀፍ ደረጃ አያሟላም እየተባለ ዓመታት አለፉ። የደኅንነት ምርመራው በ1980ዎቹ በካናዳ እርዳታ እንደገና ተሠራ። በ1989 ሁለቱ ሰዎች «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

ይህን ሁሉ ይዤ ቅዳሜ ማታ ለአያቴ አነበብኩላቸው። ሳይደነቁ ሰሙኝ።

«ዓሣ እንደሚገድል እናውቃለን» አሉ። «ሰውም ይገድላል። ጠጥታው የሞተች አውቃለሁ፤ ልጅ ነበረች።» ለምን እንደጠጣች ጠየቅኳቸው፤ ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ። ቆይተው ደግሞ፣ «ያቺ አረፋዋን የሰጠችው ማን ትባላለች?» አሉኝ።

«አልተጻፈም፣ እማማ።»

«እሱማ የት ይጻፋል» አሉና እሳቱን ቆሰቆሱት።

በማግስቱ ለአጎቴ ሁሉንም ተረኩለት፣ ከነመቶኛው። ጨርሶ ሰማኝና «ታዲያ ዓድዋ ኪራይ ይከፍለኛል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እሱም ቢሆን ልጆች አሉት፤ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልጽፍበትም።

እንዶዱ በሳምንቱ ተነቀለ። አያቴ ግንበኞቹ ሳይደርሱ በሌሊት ተነሥተው አምስት ቅርንጫፍ ቆርጠው በቀለም ባልዲ ተክለው አገኘኋቸው። ከቁጥቋጭ እንደሚበቅል ከመጽሐፍ አንብቤ ልነግራቸው ነበር፤ ተውኩት። ሦስቱ ደርቀዋል፤ ሁለቱ ቅጠል አውጥተዋል።

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «እማማ፣ ያን ቀን ጓደኞቼ መጥተው ሲያነጥሱ…» ብዬ ጀመርኩ።

«የቱን ቀን?» አሉኝ። እንደሚያስታውሱ ከዓይናቸው አየሁ። «ይልቅ ያንን ጆግ ወዲህ በይ፤ ውኃ ጠምቶታል።»