የደንብ ልብስ የለበሰ ድህነት

ቻርሊ ቻፕሊን በዚያ ሰፊ ሱሪውና ምርኩዙ ስንቱን አስቋል! እኔ ግን የሕይወት ታሪኩን ካነበብሁ ወዲህ ሳቄ ቶሎ ይቋረጣል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 የ7 ዓመቱ ቻርሊ ከእናቱና ከወንድሙ ጋር ለንደን ውስጥ ወደሚገኘው የላምቤዝ «ወርክሐውስ» ገባ። ወርክሐውስ መጠጊያ ያጣ ድሃ ጉልበት ካለው እየሠራ የሚጦርበት ቤት ነው። ገና እንደ ገቡ እናት ወደ ሴቶች ክፍል፣ ልጆች ወደ ልጆች ክፍል ተለያዩ። በመጀመሪያው የመጠየቂያ ቀን እናታቸው የቤቱን የደንብ ልብስ ለብሳ ብቅ ስትል ልጆቹ ክው አሉ።

እኔን የሚከነክነኝ ይህ ልብስ ነው። ለመሆኑ ሰውን ለማብላት ልብሱን ማስወለቅ ለምን አስፈለገ?

መልሱ በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ ዘንድ ይገኛል። እርዳታ ሰነፍን ያበዛል ብለው የሰጉት የሕጉ አሳቢዎች፣ የተረጂው ኑሮ በውጭ ካለው የመጨረሻ የቀን ሠራተኛ ኑሮ የባሰ መሆን አለበት አሉ። ዳሩ ግን ያ የቀን ሠራተኛ ራሱ ጠግቦ አያድርም ነበር። ታዲያ ተረጂውን ከእሱ በታች በምን ያውርዱት? ከዳቦው ብዙ መቀነስ ካልተቻለ ከክብሩ ተቀነሰ። ባል ከሚስት ተለየ፤ ድንጋይ መፍለጥና ያረጀ የመርከብ ገመድ መተርተር የዕለት ሥራ ሆነ።

አንዶቨር በተባለችው ከተማ ደግሞ ከዳቦውም ተቀነሰ። በ1845 አጥንት ለማዳበሪያ የሚወቅጡ ተረጂዎች ከረሃብ ብዛት የበሰበሰውን አጥንት ቅልጥም ሲሻሙ እንደነበር ተሰማ። አገር ተንጫጫ፤ ፓርላማው መረመረ፤ በ1847 የበላይ ኮሚሽኑ ፈርሶ በሌላ ቦርድ ተተካ። ቤቶቹ ግን አልተዘጉም።

እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚያ ቤቶች ሐኪምም ለልጆች ትምህርትም ነበረ። አብዛኛውም ተረጂ ከቤቱ ሳይወጣ ጥቂት ገንዘብ ወይም ዳቦ ያገኝ ነበር። ይሁንና ያ በር ጎልማሳውንም ሽማግሌውንም ያስፈራ ነበር፤ የተሠራውም እንዲያስፈራ ነውና።

በ1909 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሺልንግ ጡረታ በፖስታ ቤት ይከፈል ጀመር። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ሽማግሌው ግን በገዛ ልብሱ ሄዶ፣ ተቀብሎ፣ ወደ ገዛ ቤቱ ይመለሳል። ለተቸገረ ሰው እጄን በዘረጋሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የዚህ ሽማግሌ አካሄድ ነው።