አርባኛው ወረቀት

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ያን የሙዚቃ ክሊፕ እንዴት እንደ ሠራችሁት ጻፍልን፤ ሌላም ለመሥራት የሚያስብ አለ» ባሉኝ ጊዜ እሺ ያልሁት ሳላስብ ነው። ዶርም ገብቼ እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ ግን ልጽፍ የፈለግሁት ሁሉ ሸሸና ልጽፈው ያልፈለግሁት ነገር ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እሱም የፖስተሩ ጉዳይ ነው። አርባ ወረቀት ለጥፌ ሠላሳ ዘጠኝ ነቅያለሁ። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የአሠራሩን ነገር የማውቀውን ያህል እነግራችኋለሁ፤ ወደ ወረቀቱ መድረሴ ግን አይቀርምና ታገሡኝ።

አራት ነበርን። ዜማውንም ግጥሙንም የደረሰው ጊታር መቺው የምሕንድስና ተማሪ ነው። ካሜራ ያለው ልጅ ሕግ ይማራል፤ ካሜራው የታላቅ ወንድሙ ሲሆን ወንድምዬው ሠርግ ስለሚያነሣበት ቅዳሜና እሑድ አናገኘውም። እኔ ሥዕል እሞካክራለሁ ስለሚባል ዲዛይን የተባለ ነገር ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። አራተኛዋ ዘፋኛችን ናት። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ የት እንደሚጻፍ የምትወስነው እሷ ናት።

ዘፈኑ ከአገር ቤት ተነሥታ ለትምህርት የምትሄድ ልጅ የምትዘፍነው ነው፤ መናኸሪያ፣ የታሰረ ፍራሽ፣ እናት የቋጠረችው በሶ፣ ይኸው ነው። በትዝታ ቅኝት የተደረሰ ነው። ከመካከላችን ያን አውቶቡስ ያልተሳፈረ የለምና ገና ልምምድ ላይ ሳለን የሁላችንም አንጀት ይንሰፈሰፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልምምድ ግን ዘፋኛችን ውሃ ጠጥታ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፣

«አንድ ነገር አለ፤ ፊቴ አይታይም» አለች።

ጊታር መቺው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እዚሁ ከተማ የሚኖሩ አክስት አሏት። እሷ ግቢ ውስጥ ብታድርም ታናሽ ወንድሟ የሚኖረውም፣ የሚበላውም፣ ትምህርት ቤት የሚሄደውም ከአክስቷ ቤት ነው። በዚያ ቤት ደግሞ መዝሙር እንጂ ዘፈን አይሰማም። «እኔን ቢቆጡኝ ግዴለም፤ ዶርም አለኝ። ልጁን ቢያስወጡትስ?» አለች። ለዚህ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። እሺ ብለን ቃል ሰጠን። እኔም ሰጠሁ።

አሁን ወደ ዕቅዱ ልሂድ። መጀመሪያ ያደረግነው ዘፈኑን ሰዓት ይዞ መስማት ነው። 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው። መግቢያው መቼ ያልቃል፣ አዝማቹ ስንት ጊዜ ይመለሳል፣ ጊታሩ ብቻውን የሚቀረው የት ላይ ነው፣ ይህን ሁሉ በሰከንድ ጻፍን። ቀጥሎ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ሣጥን ሣጥን አሰመርሁና በየሣጥኑ የሚታየውን ነገር ሣልሁበት። ቀራጮች አንዱን ቁራጭ ሾት ይሉታል፤ የእኛ 46 ሾት ሆነ። ለአንዱ በአማካይ አምስት ሰከንድ ተኩል ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህን ሳያደርግ ካሜራ ይዞ የሚወጣ ሰው ማታ ሲመለስ አንድ ሰዓት ሙሉ የተቀረጸ መንገድና ሰማይ ይዞ ይገባል እንጂ ክሊፕ አይዝም። ሌላ ክሊፕ የሞከሩ ጓደኞቼን አይቼ ነው የምናገረው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ይህን ስለሚያነቡ።

ታዲያ ፊት የሌለበት 46 ሣጥን በምን ይሞላል? ሁለት ሌሊት ባዶ ሣጥን እያየሁ አደርሁ። በሦስተኛው ቀን እጇን ሣልሁ። ፍራሽ በገመድ የሚያስር እጅ፤ የበሶውን ቋጠሮ የሚፈታ እጅ፤ የአውቶቡሱን መስኮት በክርን የሚወለውል እጅ። ከዚያ እግር፣ ከዚያ ከኋላ የሚታይ ሹሩባ፣ ከዚያ በመስኮቱ መስታወት ላይ ከዛፉ ጋር ተደባልቆ የሚያልፍ ጥላ። ወረቀቱን ለጓደኞቼ ሳሳያቸው የሕጉ ተማሪ «ይኸማ ሁላችንም ነን» አለ። እውነቱን ነው። ፊት ቢኖርበት ኖሮ የአንዲት ልጅ ታሪክ ይሆን ነበር። ያን ጊዜ ይህ በደንብ ገብቶኝ ነበር፤ ኋላ ለምን እንደ ረሳሁት ነው የሚገርመኝ።

የምርቃቱን ቀን በጊታር መቺው ምክር ከፋሲካ በኋላ አደረግነው። በሁዳዴ ዘፈን የማይሰማ ተማሪ ብዙ ነው፤ በጾም ያወጡት ክሊፕ ደግሞ ሳይታይ ያረጃል። ፈቃዱ ቀላል ነበር፤ ደብዳቤ ጻፍን፣ ማኅተም ተመታልን፣ አለቀ።

ቀረጻው ሦስት ቀን ፈጀ። ሁለቱን ማለዳ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መናኸሪያ ነበርን፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የእጅ ጅማት ሳይቀር ይታያል፣ ቀትር ላይ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋል። ወያላዎቹ ምን እንደምንሠራ ሲገባቸው ፍራሹን ራሳቸው አውቶቡሱ ላይ ይወረውሩልን ጀመር፤ አንዱ እንዲያውም «እጄን ብቻ ነው የምታነሡት? ይኽን የመሰለ መልክ ይዤ?» ብሎ አሳቀን። በሦስተኛው ቀን የበልግ ዝናብ መጣና ስፒከራችንን በፌስታል ጠቅልለን ሠራን።

አንድ ብልኀት ላካፍላችሁ። ዘፋኟ ከኋላ እየታየች በዝግታ፣ እንደ ሕልም የምትራመድበት ሾት አለ፤ እርምጃዋ ግን ከከበሮው ጋር እንዲገጥም ፈለግን። ካሜራው በሰከንድ 50 ምስል እንዲያነሣ ይደረግና ሲታይ በሰከንድ 25 ይሆናል፤ እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል። ስለዚህ በቀረጻው ሰዓት ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ማጫወት ግድ ነው። ትዝታው እንደ ጉንዳን ዘፈን እየጮኸ፣ እሷ ፈተና እንደ ረፈደበት ተማሪ ጠብ ጠብ እያለች፣ እኛ ጭቃ ላይ ተቀምጠን በሳቅ ስንሞት ያየን መንገደኛ ሁሉ ያበድን መስሎት አልፏል። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስናየው ግን ማንም አልሳቀም። እያንዳንዱ እርምጃ ከበሮው ላይ ያርፋል። ጊታር መቺው ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ።

እንግዲህ ፖስተሩ።

ለፖስተሩ ብዬ የድሮ ሸክላዎችን ልባስ ኢንተርኔት ላይ ሳይ ሰነበትሁ። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሪከርድስን ሲከፍት ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ ልጁ ግን ደፍሮ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ከእነዚያ ትንንሽ ልባሶች ያየኋቸውን አስቡ፤ የዘፋኙ ፊት፣ ስም፣ አንድ ሁለት ቀለም። ዐይን ዐይንህን ያየሃል። የእኔ ንድፍ ደግሞ ፍራሽ የሚያስር እጅ ነበር፤ አጠገባቸው ሳስቀምጠው የገመድ ነጋዴ ማስታወቂያ መሰለኝ። ውስጤ ፈራ። ይኽን ማን ዞር ብሎ ያየዋል አልሁ።

ከልምምዱ ቀን የተረፈ አንድ ፎቶ ስልኬ ውስጥ ነበረ። ዘፋኛችን አዝማቹን ስትመልስ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። ቆንጆ ፎቶ ነው። ዐይኗ ስለተጨፈነ አትታወቅም ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ሰው ራሱን ለማታለል የሚያወጣውን ምክንያት ጥራት ስታዩት እኮ ያስደንቃል! «የሚለጠፈው ግቢው አካባቢ ብቻ ነው፤ አክስትየው ግቢ አይመጡም» አልሁ። «ካየችው ራሷ ትወደዋለች» አልሁ። ለማንም ሳልናገር ለሻይ ካዋጣነው ገንዘብ ወስጄ 40 ቅጂ አስነሣሁ።

የፎቶ ኮፒ ማሽን ደግሞ መካከለኛ ጥላ አያውቅም፤ ወይ ነጭ ወይ ጥቁር ያደርገዋል። ግማሽ ፊቷ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ወጣ። ፊደሉም ተበላሸ፤ የኃምስ ፊደሎች ቀለበት፣ የሌ የኜ፣ ቀለም ጠጥቶ ተደፈነ። ዛሬ ለሚሠራ ሰው ምክሬ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤት መስመር ሣል፣ ፊደልህን አሳሳው፣ ሰዓቱንም «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብለህ ጨርሰህ ጻፍ፤ 8 ሰዓት ብቻ ብትል በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦ ጧት የሚመጣ አይጠፋም። እንግዲህ በሥራ ደረጃም ቢሆን መጥፎ ፖስተር ነበር። ግን ፊቷ ይለያል። ከሩቅ ይለያል።

ሌሊቱን ኮላ ይዤ ለጠፍሁ፤ ላይብረሪ፣ ካፌ፣ የወንዶች ዶርም፣ የሴቶች ዶርም፣ በሩ ጋ፣ ከበሩ ውጭ ያሉ ምሰሶዎች፣ ታክሲ ፌርማታው። ጧት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሕጉ ተማሪ ቀሰቀሰኝ። አንዱን ነቅሎ ይዞታል።

«ጠይቀሃታል?»

ዝም አልሁ።

«የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27ን ልንገርህ? የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። አንተ መሸጡ ብቻ ነው የቀረህ።»

ቀልድ አልነበረም። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። ላይብረሪው በር ላይ ስደርስ እሷ ቆማለች። ወረቀቱን በጥፍሯ ጫፍ እየላጠች ነው፤ ኮላው ጠንክሮ ስለነበር ፊቷ በቁርጥራጭ ነው የሚነሣው። ይሰድበኛል ያልሁት አፍ «ስንት ለጠፍህ?» ብቻ አለኝ። አርባ አልኋት። «እሺ፣ ቁጠር» አለች።

እየቆጠርን ነቀልን። አራታችንም፣ ክፍል ሳንገባ፣ እስከ ምሳ ሰዓት። ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ። ታክሲ ፌርማታው ምሰሶ ላይ የኮላው ምልክት አለ፣ ወረቀቱ የለም። ነፋስ ይውሰደው፣ ሰው ይውሰደው፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያ ፌርማታ ደግሞ አክስቷ ወደ ገበያ ሲሄዱ የሚሳፈሩበት ነው። ይህን የነገረችኝ በዚያች ሰዓት ነው፤ እኔ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ አላየሁም፤ እሷ ለጊታር መቺው ነግራው ነው የሰማሁት። ሌላ ሰው ከሚነግራቸው ብላ በዚያው ቀን ማታ አክስቷ ቤት ሄደች። ወረቀቱን አላዩትም ነበር። ባትነግራቸው ኖሮ ላያውቁም ይችሉ ነበር። ነገረቻቸው። አክስትየው ሰምተው ሲያበቁ ቡናውን ከእሳት አወረዱና፣ «ልጁ ይቀመጥ፤ እሱ ምን አደረገ። አንቺ ግን ለግንቦት ልደታ እንዳትመጪ። ጎረቤት ፊት አዝማሪዋ መጣች አያስብሉኝ» አሉ።

ይህችን ቃል ብዙ ጊዜ አስቤባታለሁ። እነ አስናቀች ወርቁ፣ እነ ብዙነሽ በቀለ መድረክ ላይ ሲወጡ «አዝማሪ» ስድብ ነበረች። እኛ ዛሬ ክራር የምትደረድረውን አስናቀችን ስንሰማ ደረታችንን እንነፋለን፤ ቃሏ ግን በአንድ ጓዳ ውስጥ አሁንም እንደ ስድብ ትነገራለች። አክስትየውን ለመውቀስ ግን አፌ አይሞላም። እሳቸው የሰው ልጅ ያሳድጋሉ። እኔ ያደረግሁት ለሥዕል ስል ነው።

ግንቦት 1 ቀን ከዶርሟ አልወጣችም አሉ። ሰፈር ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲበላ ወንድሟ በሌላ ልጅ እጅ በፌስታል ንፍሮ ላከላት።

ምርቃቱን አላስቀረችውም። እኔ እናስቀረው ብዬ ነበር፤ «ለአንተ ጸጸት ብዬ አላስቀርም» አለችኝ። የድሮውን የእጅ ንድፍ አወጣሁት። መስመሩን አወፈርሁ፣ ጥላውን ሁሉ አጠፋሁ፣ ፊደሉን አሳሳሁ። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ከመሄዴ በፊት፣ እንደ ተማርሁት፣ ወስጄ አሳየኋት። ካፌው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ጣቷን ገመዱ ላይ አስኬደች።

«ስሜን ጻፍበት» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አውቀዋል አይደል። ጻፍ።»

ከእጁ ሥር በእርሳስ ጻፍሁ። ሳየው አጠረብኝ፤ ቦታው ሰፊ ነው።

«የአባትሽንስ?»

አሰበች። አባቷ አገር ቤት ናቸው።

«የአባቴን ተወው» አለች። «እሳቸውን አልጠየቅኋቸውም።»