ታች ያለው ስኒ

ገመድ ጨብጦ ባሕር ውስጥ የተንጠለጠለ ሰው ይታየኛል። የጀልባዋ ግርጌ ከራሱ በላይ ነው፤ ብርሃኑም ቅርብ ነው። መውጣት ግን አይችልም። አንድሪያ ዶሪያን አይቶ እየተመለሰ ነው።

ይህች የጣሊያን መርከብ እ.ኤ.አ. በ1956 ከስዊድኗ ስቶክሆልም ጋር ተጋጭታ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ማዶ ሰጠመች። የተኛችው ከ70 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው። እዚያ ታች ያለው ጫና በባሕሩ ገጽ ላይ ካለው ስምንት እጥፍ ነው። ተራ አየር ይዞ የወረደውን ሰው ናይትሮጅኑ ያሰክረዋል፤ በጨለማው መተላለፊያ በየት እንደገባ ይጠፋበታል። ለዚህ ሲሉ ጠላቂዎች ሂሊየም የተቀላቀለበት ጋዝ ይይዛሉ። የባሰው መመለሻው ነው። በጫና ብዛት ደምና ሥጋ ውስጥ የሰረገው ጋዝ፣ ሰውየው ከቸኮለ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ ይፈላል። ስለዚህ ታች ላሳለፋት ጥቂት ደቂቃ ሲል፣ ጣቱ በብርድ እየደነዘዘ፣ እየቆመ እየቆመ ይወጣል።

ከአሥር የሚበልጡ ጠላቂዎች እዚያ ሞተዋል። ብዙዎችን የሳባቸው የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የተገለገሉበት ሳህንና ስኒ ነው። ያልታየውን ለማየት መጓጓታቸውን አከብራለሁ። በግጭቱ 46 ሰዎች ካለቁባት መርከብ ስኒ ለማውጣት ነፍስን መስጠት ግን ያንገበግበኛል።

ለስኒ ሳይሆን ለሥራ የጠለቁም አሉ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ምጽዋን ሊለቁ ሲሉ መርከቦቻቸውን ወደቡ ውስጥ አሰጠሙ። በዓመቱ አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ መጣ፤ ከጠላቂዎቹ ጋር ሆኖ የሰጠመውን ትልቅ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ በታመቀ አየር አነሣው። የዚያ ባሕር መከራ ሙቀቱ ነበር። የወረዱበት ጉዳይ ግን ከራሳቸው አልፎ ለሌላው ተርፏል።

ከመርሳ ወደ ደሴ ስንሄድ የምናልፈው ሐይቅም 80 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ከልጆቻችን አንዱ ስኩባ ተምሮ ቢጠልቅበት እንዴት ደስ ባለኝ! የባሕር ጠላቂዎችን የአወጣጥ ሠንጠረዥ ግን እንዳለ አይውሰድ። ሐይቁ ያለው 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ከምጽዋ ይልቅ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ከወጣም በኋላ ወደ ደሴ ሽቅብ አይንዳ። ጋዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ እዚያው ሐይቅ ከተማ ይደር፤ በማግስቱ ወደ እኛ፣ ወደ ግራና ከተማ፣ ይውረድና ያየውን ይንገረን።