ከ80 በመቶ በኋላ ያለው ወረፋ

የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ከተማችን አዲስ ወረፋ ለምዳለች፤ የቻርጅ ወረፋ። ከሾላ ገበያ ወደ መገናኛም ሆነ ወደ ቦሌ ስሄድ ከሹፌሮች የምሰማው ቅሬታ አንድ ነው፦ «120 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፎበት 50 እንኳ አይሰጥም!»

ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። ፍጥነቱን የሚወስነው ማሽኑ ብቻ ሳይሆን መኪናውም ነው። ቢበዛ 60 ኪሎዋት የሚቀበል መኪና 120 ላይ ቢሰካም ከ60 አያልፍም። ባትሪው ሲቀዘቅዝ ወይም ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ይቀንሳል። ሁለት መኪና በአንድ ማሽን ሲሰካ ደግሞ ኃይሉን ሊካፈሉ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ባትሪ እንደ ጀሪካን ነው፤ አፉ ጋ ሲደርስ ቀስ ተብሎ ይቀዳል። ከ80 በመቶ በኋላ ያለችው 20 በመቶ ከዚያ በፊት የተሞላውን ያህል ጊዜ ልትፈጅ ትችላለች። ያ ጊዜ የማን ነው? ከኋላ ቆሞ የቀን ገቢው የሚያልፍበት የታክሲ ሹፌር ነው።

ወደ አዳማ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ሰው ይሙላ፤ መንገድ ነው። ከተማ ውስጥ ለሚውል፣ በተለይ ማታ ቤቱ ለሚሰካ ግን 80 ይበቃል። የጣቢያ ባለቤቶችም ማሽኑ ለብቻና ለሁለት ሲሆን የሚሰጠውን ኃይል በግልጽ ይለጥፉ። ሰልፈኛ ካለ ደግሞ 80 ላይ የማስነሳት ደንብ ያውጡ። አዲስ ማሽን እስኪተከል ወረፋውን የሚያሳጥረው ይህ ነው።