መርፌና ሐዘን

በአንድ ቤት አንድ ሰው በድብርት ሲታመም የሚታመመው እሱ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ይታመማል። እኛ ይህን ያየነው በታላቅ እህታችን ነው። ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ ራቃት፤ ምግብ አስጠላት፤ ልጆቿ ሲጠሯት እንኳ መልስ መስጠት ከበዳት። ዘመድ ወዳጁ «ሶብር አድርጊ» ይላታል። እኛም ሶብር ማድረግና መታከም አይጣሉም ብለን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሕመሟ ድብርት መሆኑ ተነግሮን የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘላት።

ከጥቂት ወራት በኋላ እንቅልፏ ተመለሰ፤ ይሁንና የደረቷ መጨነቅና የልቧ መምታት አልለቃት አለ። በዚህ ጊዜ አንድ ዘመዳችን አኩፓንክቸር የተባለውን የቻይናውያን የመርፌ ሕክምና አነሳልን። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ሀገራችን ስለሚመጡ ነገሩን ቀድሞ የሰማ ሰው አይጠፋም። እናታችን ግን «በመርፌ የሚነቀል ሐዘን አለ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የጥንት ቻይናውያን ሐኪሞች በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር «ቺ» የሚባል ኃይል አለ፤ መንገዱ ሲዘጋ ሰው ይታመማል ይላሉ። የዛሬ ተመራማሪዎች ይህን አልተቀበሉትም፤ የሚመረምሩት ታማሚው ይሻለዋል ወይስ አይሻለውም የሚለውን ነው። በእንግሊዝ አገር በ755 የድብርት ታማሚዎች ላይ ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ መርፌውን የወሰዱት በሦስት ወር ውስጥ የበለጠ ተሽሏቸው ነበር። ነገር ግን በመርፌ ፈንታ የምክር አገልግሎት ያገኙትም እንደዚያው ተሽሏቸዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. 64 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራም መርፌው በመጠኑ ሊረዳ እንደሚችል ገልጾ፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው ብሏል።

እኛም ይህን አውቀን ሄድን። ሐኪሟ ሴት ነበረች። መርፌዎቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ከታሸጉበት በፊታችን የሚከፈቱ ናቸው። በእጅ አንጓዋ፣ በእግሯና በቅንድቦቿ መካከል ተሰክተው ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆያሉ። እህታችን «ሰውነቴ ከበደኝ፤ ልቤ ግን ቀለለኝ» አለችን። በሳምንት አንድ ቀን እየሄደች በስምንተኛው ሳምንት ለልጆቿ ቁርስ ራሷ መሥራት ጀመረች። ይህን ያደረገው መርፌው ይሁን፣ መድኃኒቱ ይሁን፣ ወይስ በየሳምንቱ እጇን ይዞ የሚወስዳት ሰው መኖሩ፣ እኛ ለይተን አንናገርም። አልሐምዱሊላህ እንላለን።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሕክምና ለማየት ያሰበ ቢኖር ጥቂት ነገሮችን ያስተውል። መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶበት የሚጣል ይሁን፤ ለሁለተኛ ሰው የዋለ መርፌ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ አስቀድሞ ይናገር። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በራስ ፈቃድ አይቋረጥ፤ የእህታችንን መጠን የቀነሰው ያዘዘላት ሐኪም ራሱ ነው። ታማሚው መኖር አስጠላኝ የሚል ከሆነ ግን የመርፌ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።