ልጆችም ይጩኹ

ከደሴ ተዛውረን ሳሪስ አካባቢ ቤት ስንከራይ፣ ልጆቼ በአዲስ አበባ መጀመሪያ የለመዱት ቃል «ቀስ በሉ» የሚል ነበር። ግቢው ጠባብ፣ ተከራዩ ብዙ፣ መንገዱም መኪና የሚበዛበት ነው። ሲጫወቱ እንኳ ሲንሾካሾኩ ስሰማ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ብሔረ ጽጌ የሚባል መናፈሻ አለ፤ ትርጉሙም «የአበባ አገር» ነው። ከባለቤቴ ጋር ተጋግዘን ልብሱን ቅዳሜ አጠብንና እሑድ ዳቦ፣ ቆሎና ውኃ ይዘን ወጣን። የ5 ዓመቷ ልጄ ዛፍ ሥር ቆማ፣ «እማዬ፣ እዚህ መጮኽ ይቻላል?» አለችኝ። «ይቻላል» ስላት እየጮኸች ሣሩ ላይ ሮጠች።

እኅቶቼ፣ የቤት ሥራ ለነገም ይደርሳል፤ ልጅነት ግን አይጠብቅም። ሥራውን ከባሎቻችሁ ጋር ተካፍላችሁ፣ በሳምንት ግማሽ ቀን እንኳ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።